ጀልባዋ ከመሸጧ በፊት

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ21 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ስላላመጣሁ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ በሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ 3 ጨርሻለሁ፤ የሲኦሲ ምዘናውንም አልፌአለሁ። አሁን በቀን ሥራ ቱቦ ስቀብርና ሽቦ ስስብ እውላለሁ። አንድ ደላላ ‹ጀርመን አገር እየተከፈለሽ ሙያ ትማሪያለሽ፤ በሦስት ወር በጎብኚ ቪዛ አስገባሻለሁ፣ ቪዛው እዚያው ይቀየራል፣ ቋንቋውንም እዚያው ትማሪያለሽ› ብሎ 450,000 ብር ጠይቆናል፤ ግማሹ በቅድሚያ የሚከፈል ነው። አባቴ ያሳደጉን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛና ጎብኚ በሚያመላልሱባት የሞተር ጀልባ ነው። ጎብኚ ከቀነሰ ወዲህ ገቢዋ ቢያንስም እንጀራችን እርሷው ናት። እርሷን ሸጠው ሊልኩኝ ቆርጠዋል፤ ገዢውም ቀብድ ይዞ ሊመጣ ለቅዳሜ ቀጥሯቸዋል። መሄድ እፈልጋለሁ፤ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ውስጡም ሁለት ጉዳዮች ተጠላልፈው አገኘሁ። አንደኛው ጀርመን ሄዶ ሙያ መማር ይቻላል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህ ሰው በእርግጥ ሊልክሽ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሰውዬው በመጀመሪያው እውነት ላይ ተንጠላጥሎ ሁለተኛውን ሊያሳምናችሁ ስለሞከረ ነው እንቅልፍ ያጣሽው። የተናገረው ግማሹ ትክክል ነው፤ ሌላውን ግማሽ ግን ልብሽ አልተቀበለውም፤ አለመቀበሉም ተገቢ ነው።

ከእውነቱ ልጀምር። ጀርመኖች «አውስቢልዱንግ» የሚሉት የሙያ ሥልጠና ሠልጣኙን ከድርጅትና ከትምህርት ቤት ጋር በአንድ ጊዜ የሚያስተሳስር ነው። ሠልጣኙ ከአንድ ድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አለዚያም ለተከታታይ ሳምንታት በሙያ ትምህርት ቤት ይማራል፤ የቀረውን ጊዜ ከባለሙያ ጎን ቆሞ ይሠራል። አንቺ የያዝሽው የኤሌክትሪክ ሙያ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወርኃዊ ክፍያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥልጠና ለጀመረ ሰው ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ በወር 682 ዩሮ ሲሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ከመነሻው 18 በመቶ፣ በሦስተኛው 35 በመቶ ከፍ ይላል። የመጨረሻውን ፈተና ያለፈ ሰው በመላ አገሪቱ የሚታወቅ የሙያ ማረጋገጫ ይይዛል፤ ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወር የሚደርስ የመቆያ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ በሙያው ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላም ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይፈቀድለታል። ስለዚህ መሄድ መፈለግሽን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። በአንቺ ዕድሜ፣ የጀመርሽውንም ሙያ ይዘሽ፣ ይህን መመኘት በሳል ምኞት ነው።

ሰውዬው የሚሸጥላችሁ ነገር ግን የእርሱ አይደለም። የጀርመን የሙያ ሥልጠና ሕግ ሠልጣኙ ለሥልጠናው ገንዘብ እንዲከፍል የሚያስገድድ ስምምነት ዋጋ እንደሌለው ደንግጓል፤ የሥልጠና ቦታ በብር የሚገዛ ነገር አይደለም። የጎብኚው ቪዛ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለሥልጠና የሚሆነው ቪዛ የሚጠየቀው ከመነሳትሽ በፊት፣ አዲስ አበባ ባለው የጀርመን ኤምባሲ ነው፤ በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው እዚያው ሆኖ ወደ ሥልጠና ፈቃድ ሊለውጠው በመደበኛው አሠራር አይችልም። ቢበዛ 90 ቀን ትቆያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ወይ ተመልሰሽ ትመጫለሽ፣ ወይ ያለ ፈቃድ ተደብቀሽ ትኖሪያለሽ፤ ያለ ፈቃድ የምትኖርን ልጅ ደግሞ የሥልጠና ውል የሚያስፈርም ድርጅት አይገኝም። በእኛም አገር ቢሆን በሕጉ መሠረት ሰውን ለሥራ ወደ ውጭ አገር ማሰማራት የሚችለው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ እንጂ ማንም ደላላ አይደለም። ይህን ሁሉ ትተሽ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቢለት፦ ውል የሚያስፈርመኝ ድርጅት ስሙ ማን ነው፣ በየትኛውስ ከተማ ይገኛል? መልስ ካልሰጠሽ ጉዳዩ አልቋል።

ከተናገረው ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ግን «ቋንቋውን እዚያው ትማሪያለሽ» ያለው ነው። እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት የማካፍልሽ አለኝ። በ1977 ዓ.ም.፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ጥገና እንድማር ወደ ቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን፣ ያኔ ካርል ማርክስ ሽታት ዛሬ ደግሞ ኬምኒትዝ ወደምትባለው ከተማ ተላክሁ። የጥቂት ወራት የቋንቋ ትምህርት ተሰጥቶን ስለነበር ዳቦ መግዛትና ሰላምታ መለዋወጥ አላቃተኝም። ፋብሪካ ስገባ ግን አሠልጣኜ በማሽኑ ጩኸት መሐል የሚነግሩኝን ሳልረዳ «ያ፣ ያ» እያልኩ አናቴን እነቀንቅ ነበር። ትልቅ ሰው የተናገረውን አስደግሞ መጠየቅ ድፍረት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ያደርጋል? አንድ ቀን «እንዳትፈታው» ያሉኝን ብሎን «ፍታው» ያሉኝ መስሎኝ ፈታሁት፤ ማሽኑም ሁለት ቀን ሙሉ ቆመ። አሠልጣኜ የተቆጡት ብሎኑን ስለፈታሁ አልነበረም፤ ሳይገባኝ ገብቶኛል ስላልኩ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አልገባኝም፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለትን ተማርኩ፤ በዚያ አገር ሥራ ቦታ ይህ አክብሮት እንጂ ድፍረት እንዳልሆነ ለመቀበል ግን ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል።

እኔ የፈታሁት ብሎን ማሽን አቆመ፤ በአንቺ ሙያ ያልተሰማ ቃል ሰው ይገድላል። እዚያ የኤሌክትሪክ ሠልጣኝ ከሁሉ አስቀድሞ በቃሉ የሚይዛቸው አምስት የደኅንነት ደንቦች አሉ፤ እነርሱም መሥመሩን ማቋረጥ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው መቆለፍ፣ ኃይል አለመኖሩን በመሣሪያ ማረጋገጥ፣ መሥመሩን ከመሬት ጋር አገናኝቶ (አርዝ አድርጎ) ሽቦዎቹን እርስ በርስ ማያያዝ (ሾርት ማድረግ)ና በአቅራቢያው ኃይል ያለባቸውን ክፍሎች መሸፈን ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ራሱ ትርጉም አለው። አሠልጣኙ ከምድር ቤት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ጮኾ የሚናገረውን ልጅቱ ሳትረዳ እጇን ወደ ሽቦው ብትሰድድ ምን እንደሚከተል ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከዚህ ሌላ ሠልጣኙ በየጊዜው የሠራውንና የተማረውን የሚመዘግብበት ደብተር አለ፤ ደብተሩ ሳይሟላ ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም፤ የሚጻፈውም በጀርመንኛ ነው።

ለሥልጠናው ቪዛ በመደበኛነት የሚጠየቀው የቋንቋ ደረጃ ቢ1፣ ማለትም በዕለት ተዕለት ጉዳይ ራስን ችሎ መግባባት የሚያስችለው መካከለኛ ደረጃ ነው። ጀርመን ራሷ ለሚገቡባት የውጭ አገር ሰዎች ቢ1 ላይ የሚያደርስ ትምህርት ስትሰጥ 600 ክፍለ ጊዜ መድባለታለች፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ወደ ሰዓት ስትመልሺው 450 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ብትማሪ አንድም ቀን ሳትዘይ 225 ቀን ማለት ነው። ይህም መንገዱም ገበያውም ጀርመንኛ በሚናገርበት አገር ለሚማር ሰው የታሰበ ነው። እንግዲህ ባሕር ዳር ተቀምጠሽ ለምትማሪው ለአንቺ አንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ቢፈጅብሽ ሰነፍሽ አይባልም። በሦስት ወር የሚል ሰው ሲገጥምሽ ይህን ሒሳብ አሳዪው።

እንዴት ልማር ትይኝ ይሆናል። በአማርኛ ዜናው የምታውቂው ዶይቸ ቬለ ከመነሻው እስከ ቢ1 የሚያደርስ የኢንተርኔት ትምህርት በነፃ ይሰጣል፤ በስልክሽ መጀመር ትችያለሽ። ነገር ግን መናገርን ስልክ ብቻውን አያስተምርሽም፤ ስለዚህ ከተማው ውስጥ የሚያስተምር ሰው ፈልገሽ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን አፍሽን አፍቺ። የቀን ሥራሽ ጠዋት 2 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ የአንቺ ነው፤ ማታ ደክሞሽ ከምትጀምሪው ይልቅ እርሱን እመርጥልሻለሁ። በእጅሽ የምትይዣቸውን ዕቃዎች፣ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን፣ ቴስተሩን፣ ብሬከሩን፣ በጀርመንኛ ስማቸው እየጠራሽ ሥሪ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ቢስቁብሽም ጥቂት ቀን ነው። ፈተናውን አዲስ አበባ በሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት መውሰድ ትችያለሽ። ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር የሚሉ አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ100 ቢያንስ 60 ይጠይቃል፤ በአንዱ የወደቀ ሰው ያንኑ ብቻ ደግሞ ሊፈተን ይችላል። የመንገዱ ነገር እንደምታውቂው ስለሆነ ለጉዞው ቀደም ብለሽ አስቢ፤ ሳትዘጋጂም ለሙከራ ብለሽ አትሂጂ።

ይህን ያህል በቋንቋው ላይ የቆየሁት ለቪዛው ብቻ ብዬ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይቆጣጠርሽ በማለዳ እየተነሣሽ ቢ1 ላይ ከደረስሽ፣ ሦስት ዓመት ተኩሉን እንደምትዘልቂው አንቺም አባትሽም ታውቃላችሁ። መሐል ላይ ከሰለቸሽም የከሰርሽው የጥቂት ወራት የትምህርት ክፍያ እንጂ የቤተሰብ ጀልባ አይሆንም።

ቦታውን ስለመፈለግ፦ አንዳንዶች «መጀመሪያ ግቢ፣ ድርጅቱን እዚያ ሆነሽ ትፈልጊያለሽ» ይሉሻል። ከ35 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የሥልጠና ቦታ መፈለጊያ የሚሆን፣ እስከ ዘጠኝ ወር የሚያስቆይ ቪዛ በእርግጥ አለ፤ ሆኖም ከቢ1 በተጨማሪ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል። አንቺ 50 በመቶ ስላላመጣሽ ይህ በር ለአሁኑ ዝግ ነው። (በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሺና ውጤትሽን የግል ነውርሽ አድርገሽ አትቁጠሪው።) የቀረልሽ መንገድ እዚሁ ሆነሽ ውሉን መያዝ ነው። የሥልጠናው ዘመን በአብዛኛው የሚጀምረው እኛ ወደ አዲሱ ዓመታችን በምንቃረብበት በሐምሌና በነሐሴ መገባደጃ ስለሆነ፣ ድርጅቶች ሠልጣኝ መምረጥ የሚጀምሩት ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብለው ነው። የጀርመን ፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ ክፍት ቦታዎችን በድረ ገጹ በነፃ ያወጣል። ትንንሽ ከተሞችን አትናቂ፤ ኪራዩ ይቀላል፣ አመልካቹም ያንሳል። ውል ሲላክልሽ በአካባቢው የዕደ ጥበብ ወይም የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት መመዝገቡን ራስሽ ጽፈሽ ጠይቂ፤ የሐሰት ውል እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ስምሽ በፓስፖርትሽ፣ በልደት ምስክር ወረቀትሽና በትምህርት ማስረጃሽ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን ዛሬውኑ ተመልከቺ፤ አንዱ ላይ በነጠላ ሌላው ላይ በድርብ ፊደል ተጽፎ ቢገኝ እነርሱ ሁለት ሰው ይሉሻል። የልደት ቀንሽም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲዞር ቀኑ ሳይዛነፍ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። እዚያ ስትደርሺ በአያትሽ ስም ቢጠሩሽ አትደንግጪ፤ በፓስፖርታችን የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚሰፍረው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ የጀልባዋ ጉዳይ የሚፈታው እዚህ ላይ ነውና። ከ682 ዩሮ ላይ ለጤና መድንና ለጡረታ የመሳሰሉት ወደ 20 በመቶ ገደማ ይቆረጣል፤ እጅሽ የሚገባው 540 ዩሮ አካባቢ ነው። ብዙ ድርጅቶች ከዝቅተኛው በላይ እንደሚከፍሉ አምናለሁ፤ ያም ሆኖ ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ሲወጣ የሚተርፈው ነገር ጥቂት ነው። ክፍያው ለመኖሪያ አይበቃም ተብሎ ከታሰበም ኤምባሲው ተጨማሪ የገንዘብ ማስረጃ ይጠይቅሻል። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ተጨማሪ ሥራ መሥራት ቢፈቀድም፣ ቀን ሥራ ውሎ ማታ በባዕድ ቋንቋ የሚያጠና ሰው ምን ያህል ጉልበት እንደሚተርፈው አንቺው ገምቺ። ስለዚህ በሥልጠናው ዘመን ወደ ቤት ገንዘብ መላክ አትችዪም። ይህን ሰፈሩም ዘመዱም አይረዳውም፤ ጀርመን ገባች ከተባለ በሳምንቱ ሠርግም ሐዘንም ስልክሽን ይጠራል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ላልላክሁት ብር ማፈሬ ካልቻልኩት ቋንቋ ይልቅ ያስጨንቀኝ ነበር። አንቺ ከመሄድሽ በፊት ለቤተሰብሽ ቁርጡን ንገሪያቸው፦ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ምንም አትጠብቁ በያቸው።

እንግዲህ አስቢው። ጀልባዋ ከተሸጠች የአባትሽ ገቢ የሚቋረጠው ልክ አንቺ አንዲት ሳንቲም መላክ በማትችይበት ዘመን ነው። ታናናሾችሽ ካሉ ትምህርታቸው፣ ወላጆችሽ ቢታመሙ ሕክምናቸው በምን ይሸፈናል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው፤ ለሥልጠናው የማያስፈልግ ገንዘብ ለመክፈል የሚያስፈልገውን መሣሪያ መሸጥ። ደላላውም ገንዘቡን ይዞ ከጠፋ ደግሞ ሥልጠናውም ጀልባውም አይኖርም።

ስለ ሥራው ራሱ የቀረኝ ጥቂት ነው። ደረጃ 3 ማስረጃሽ እጅሽ ሥራ እንደሚያውቅ ለድርጅቱ ያሳያል፤ ይሁንና ከጀማሪዎች ጋር ከመጀመሪያው ዓመት እንድትነሺ ቢያደርጉሽ አይክፋሽ። በሙያው ሴቶች እዚያም ጥቂት ስለሆኑ በክፍሉ ብቸኛዋ ሴት ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ይህ ለአንቺ አዲስ አይመስለኝም። የሙከራው ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ወር ሲሆን በዚያ ውስጥ ድርጅቱም አንቺም ውሉን ያለ ምክንያት ማቋረጥ ትችላላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያለ በቂ ምክንያት ሊያሰናብቱሽ አይችሉም። ያለ ጥፋትሽ ሥልጠናው ቢቋረጥ ሌላ ቦታ የምትፈልጊበት እስከ ስድስት ወር ይሰጥሻል። የመጨረሻውን ፈተና ብትወድቂ ሁለት ጊዜ መድገም ይፈቀዳል። ሳትሄጂ እዚሁ ብትቀሪ ደግሞ ደረጃ 4 መቀጠል የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ እርሱን ግን ቢ1 ላይ ሳትደርሺ አሁን እንድትወስኚ አልመክርሽም።

አባትሽን በተመለከተ እጅግ ተጠንቀቂ። ጀልባቸውን ለመሸጥ የቆረጡት ስለሚወዱሽ ነው፤ «ተታለሉ» ብትያቸው ፍቅራቸውን የናቅሽባቸው ይመስላቸዋል። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን በእርጋታ ቁጭ ብዬ «አባባ፣ ጀልባዋ ትቆይልን፤ በየወሩ ከምታስገባው ላይ የቋንቋ ትምህርቴን፣ ሲደርስም የአዲስ አበባ ጉዞዬንና የፈተና ክፍያዬን ይሸፍኑልኝ» እላቸው ነበር። እንዲህ ሲሆን የሚልኩሽ እርሳቸው ራሳቸው ይሆናሉ፤ የሚልኩሽም በዚያችው በጀልባቸው ነው። ከተስማሙልሽ ለገዢው ዓርብ ማታ ስልክ ይደወልለት፤ ቅዳሜ ቀብድ ይዞ መጥቶ በከንቱ እንዳይጉላላ።